የመምህር አስረስ ቀበቶ

ኢንስፔክተር ባሂራ ካራቴ ቤቱ ስትደርስ ሬሳው ተነስቷል፤ ተጠርጣሪው ታስሯል፤ አንዲት ደግ ጎረቤት ደግሞ ወለሉን ልታጥብ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ሐሙስ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ባሂራ ባልዲውን ከሴትዮዋ ተቀብላ ውጭ አስቀመጠችና ወደ ሳጅን ይታገሱ ዞረች።

«ሬሳ ከማንሳታችሁ በፊት እኔን መጥራት ይህን ያህል ከበዳችሁ?»

ይታገሱ ግን በጠዋቱ ደስ ብሎታል። ገዳዩን ቁርስ ሳይበላ ነው የያዘው። ሟቹ መምህር አስረስ ናቸው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጎንደር ፊዚክስ ሊያስተምሩ ቡታጅራ መጥተው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ የጃፓኗን ደሴት የኦኪናዋን ካራቴ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። ከፊተኛው ግድግዳ ሥር በደረታቸው ተደፍተው፣ የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰብሮ ነው የተገኙት። አጠገባቸው ደም የነካው ድንጋይ ወድቋል። ያገኛቸው ተማሪያቸው ሙባሪክ ነው፤ ፖሊስ ሲደርስ ጭንቅላታቸውን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ነጭ የካራቴ ልብሱ ደም በደም ሆኗል።

«ድንጋዩ ላይ ስሙ ተቀርጿል» አለ ይታገሱ። «ስም የተጻፈበት ማስረጃ በየቀኑ አይገኝም።»

ባሂራ አዳራሹን ዞር ዞር ብላ አየች። ቃጫ የተጠመጠመባቸው የቡጢ መለማመጃ ምሰሶዎች ቆመዋል። በግድግዳው ሥር ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ በወተት ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ እጀታ ተተክሎበት ነው የሚሠሩት፤ ኦኪናዋዎች ክንዳቸውን በእንዲህ ዓይነቱ ስለሚያጠነክሩ እዚህም እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ይሠራል፤ ስሙንም ይቀርጽበታል። ከፊት የዚህ ካራቴ መሥራች የሆኑ የአንድ ሽማግሌ ሥዕል ተሰቅሏል።

ሙባሪክ ጋራዥ የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡም ወፍራም ጎልማሳ ነው። እሑድ ዕለት ከመምህሩ ጋር ሰው ፊት ተጣልተዋል። እሱ ልጆቹን ውድድር ላስገባ ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ይህ ትምህርት የሜዳሊያ አይደለም ብለው እምቢ አሉ። ድንጋዩ፣ ደሙና ጠቡ ተደማምረው አርብ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው። ክሱ ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ከተፈረደበት ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። እናቱ አሚኔ ከጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ማንንም ምንም አትጠይቅም። ባሂራ በአጠገቧ ስታልፍ ማየት ከበዳት።

ሆስፒታል ሄዳ ሬሳውን ልብሱ ሳይወልቅ አየችው። ሐኪሙ ምቱ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ከኋላና ከላይ መምጣቱን፣ ሟቹ ያኔ ተንበርክከው እንደነበር ነገራት። እጃቸው ላይ የመከላከል ምልክት የለም። ባሂራ ወገባቸው ላይ የታሰረውን ጥቁር ቀበቶ ረጅም ጊዜ አየችው። ቋጠሮው በቀጭኑ ወገባቸው ፊት ለፊት ነው። ከቋጠሮው ወዲያና ወዲህ ግን አንድ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ጨርቁ ዓመታት የታጠፈበት ያረጀ እጥፋት አለ። ፎቶ አነሳችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ሙባሪክን እስር ቤት አገኘችው። አልገደልኩም ብሎ አልማለላትም። መጀመሪያ የጠየቃት፣ መምህሩን ማን እንደገነዛቸው ነው።

«ስታገኛቸው ገለበጥካቸው?» አለችው።

«ኧረ የለም። ጭንቅላታቸውን ብቻ ነው ያቀፍኩት።»

«ቀበቷቸው ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ነው። ማለቴ ጥቁር ነበር፤ ከማርጀቱ ብዛት ጥቁሩ አልቆ ውስጡ ወጥቷል። ከኦኪናዋ የመጣ ነው። ከሳቸው በፊት ሦስት መምህራን ታጥቀውታል። እሱን የታጠቀ ነው ትምህርት ቤቱን የሚወርሰው።» ቀና ብሎ አያት። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

ወጥታ የንብረት መዝገብ ቤቱን አስከፈተችና ሲታሰር ከወገቡ የተፈታውን ጥቁር ቀበቶ በዓይኗ አየች።

ሃፊዛ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ በካራቴ ቤቱ የሴቶቹን ክፍል የምታስተምረው እሷ ናት። ዓይኗ አብጦ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት መምህሩ ለብቻዋ ጠርተው ያንን ያረጀ ቀበቶ ወገቧ ላይ አስረው፣ «ቤቱ ያንቺ ነው» እንዳሏት ተናገረች።

«ደስ አለሽ?»

«አለቀስኩ። ጋሽ ደረጄ እያለ እንዴት ይሆናል? ሃያ ሁለት ዓመት አብሯቸው ቆይቷል። ፈትቼ መለስኩላቸው።»

ቀሪውንም ነገረቻት። ባሂራ ጻፈችው፤ ጽፋም ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ደረጄን ማዘጋጃ ቤት፣ ቢሮው ውስጥ የቀብሩን ነገር በስልክ ሲያስተካክል አገኘችው። አምሳውን የዘለለ፣ ሆዱ ወጣ ያለ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው። ሐዘኑ እውነተኛ መሆኑን ባሂራ ወዲያው አየች፤ ይህም ይበልጥ አስጠነቀቃት። ስለ ካራቴ ቤቱ ሥርዓት ስትጠይቀው ፊቱ በራ። ተማሪ በነጭ ቀበቶ ይጀምራል፤ ሲለፋ ይጠቁራል፤ ዕድሜ ልኩን ከለፋ እንደገና ይነጣል አላት።

«ሲቆሽሽስ?»

«አይታጠብም፤ አይለወጥም። መምህርህ በእጁ ያሰረልህ አንድ ነው፤ ከሱ ጋር ትኖራለህ። ያለ ቀበቶ ደግሞ ከመሥራቹ ሥዕል ፊት አይቀረብም። ራቁትን እንደመቆም ነው።»

ስለ ሙባሪክ ስትጠይቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ልጁ ቁጡ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለው አለ። ባሂራ አመሰግናለሁ ብላ ተነሳች። ነገ ጠዋት መምህሩን እንደ ሥርዓታቸው እንዲሰናበቱ ሦስቱ አንጋፋ ተማሪዎች፣ እሱ፣ ሃፊዛና ሙባሪክ፣ ልብስና ቀበቷቸውን ይዘው እንዲመጡ አደራ አለችው።

አርብ ሦስት ሰዓት ላይ ካራቴ ቤቱ ተሰበሰቡ። ሃፊዛና ደረጄ የካራቴ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ይታገሱ ሙባሪክን በካቴና አመጣው፤ ቀበቶውን ደግሞ በፌስታል። ወለሉ ላይ ደሙ ጠቁሯል።

«ጊዜያችሁን አልወስድም» አለች ባሂራ። «ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ትክክለኛው ሰው እንዲሆን ነው የፈለግሁት። መምህራችሁ ሲመቱ ተንበርክከው ነበር፤ ፊታቸው ወደ ሥዕሉ፣ ጀርባቸው ወደ ገዳዩ። አልታገሉም። ሃፊዛ፣ መምህር እንዲህ የሚሆነው መቼ ነው?»

«በመክፈቻው ሰላምታ። ዓይናችንን ጨፍነን ዝም የምንለው ጊዜ ነው። ተማሪው ከኋላ ይንበረከካል።»

«ስለዚህ የገደላቸው ሌባ አይደለም፤ እንግዳም አይደለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀርባቸውን የሚሰጡት ተማሪ ነው። ጠዋት ብቻውን ከሳቸው ጋር የሚሰግድ ደግሞ ከናንተ ከሦስታችሁ ሌላ የለም። ይህ አንድ።»

«ድንጋዩስ?» አለ ይታገሱ።

«ድንጋዩ እዚህ በግልጽ ተደርድሯል፤ ማንም ያነሳዋል። የራሱ ስም ያለበትን አንስቶ የሚገድል፣ ገድሎም ቁጭ ብሎ የሚጠብቅህ ሰው ካገኘህ ንገረኝ። እኔ ያየሁት ቀበቶውን ነው። የመምህሩ ነጭ ቀበቶ ጠፍቷል። በምትኩ ሬሳው ወገብ ላይ ጥቁር ቀበቶ ታስሯል። ሌባ ቢሆን ወስዶ ይሄዳል። ይህ ሰው ግን የገደላቸውን መምህር ከሥዕሉ ፊት ያለ ቀበቶ ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ገልብጦ፣ ሌላ አስሮላቸው፣ መልሶ ደፋቸው። የማንን አሰረላቸው? እዚህ ቤት ሁለት ቀበቶ ያለው የለም። የራሱን ነው።»

ሃፊዛ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ያንቺ አለ» አለች ባሂራ። «የሙባሪክም አለ፤ ሲያዝ ታጥቆት ነበር። አቶ ደረጄ፣ የርስዎ አዲስ ነው። እጥፋት እንኳ ገና አልያዘም።»

ደረጄ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሮጌው ተበጠሰ። ለወጥኩት።»

«ትናንት አይለወጥም ብለውኝ ነበር።»

ባሂራ ከሆስፒታል ያመጣችውን ጥቁር ቀበቶ ከቦርሳዋ አወጣች። ለረጅም ዘመን የታሰረ ቀበቶ የባለቤቱን ወገብ ልክ እንደሚይዝ ነገረቻቸው፤ ቋጠሮው በሚያርፍበት ቦታ ይታጠፋል፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ወገብ ላይ አይገጥምም። መጀመሪያ የሙባሪክን ካቴና አስፈትታ በወገቡ አዞረችው። እሱም ወፍራም ነውና ይታገሱ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። እጥፋቱ አራት ጣት አለፈ። ከዚያ ደረጄ ጋ ሄደች። ሁለት ጊዜ አዞረችው፣ ቋጠረችው። እጥፋቱ ቋጠሮው ውስጥ ገባ።

«ነጩን የት እንዳደረጉት መገመት አልከበደኝም» አለች። «ቤት ትተውት ለመውጣት የሚያስችል ልብ የለዎትም። ማቃጠልማ ጭራሽ አይሆንም። የካራቴ ልብስዎን ከላይ ይክፈቱልኝ።»

ደረጄ ራሱ ከፈተው። ያረጀው ቀበቶ ገላው ላይ ታስሯል። ሃፊዛ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሙባሪክ ሊሄድበት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ ቆመና ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

«ማክሰኞ በመስኮት አየሁ» አለ ደረጄ። «ለሷ ሲያስሩላት። ሃያ ሁለት ዓመት ከኋላቸው ተንበርክኬ፣ ልጄን ሳልድር፣ ቤቴን ሳልጨርስ። ሐሙስ ጠዋት ጠሩኝ። ‹ከሰላምታው በኋላ የምነግርህ አለ› አሉኝ። የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ከአፋቸው መስማት አልቻልኩም። እጄ የደረሰበትን አነሳሁ፤ የማን እንደሆነ ያየሁት በኋላ ነው።»

«ካየህ በኋላስ?» አለው ሙባሪክ። «እናቴ ሁለት ቀን በር ላይ ስትቀመጥስ?»

ባሂራ ሃፊዛን አየቻት፤ ንገሪው ወይም ተይው የሚል ምልክት አልሰጠቻትም።

«ረቡዕ ማታ ደወሉልኝ፣ ጋሽ ደረጄ» አለች በመጨረሻ። «‹ልክ ነሽ፤ ተሳስቼ ነበር። ነገ ጠዋት ከሰላምታው በኋላ ለደረጄ አስርለታለሁ› አሉኝ።»

ይታገሱ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። ደረጄ እጁን ዘረጋለት፤ ዓይኑ ግን ከሃፊዛ አልተነሳም። ያለችውን ደግማ እንድትነግረው ጠየቃት። ደግማ ነገረችው።