ከታችኛው ክፍል የወጣው ካርድ

መርማሪዋ ስትደርስ ኮድ ጸሐፊው ኪቦርዱ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ደሙ በፊደሎቹ መሃል ወርዶ እህቱ በጣፈችው የሹራብ ክርኑ ሥር ረግቷል። የተመታበት አሮጌ ግራፊክስ ካርድ፣ የኮምፒውተርን የምስል ስሌት የሚሠራ ከባድ ሰሌዳ፣ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ማራገቢያው ላይ ፀጉር ተጣብቋል።

የቢሮው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ በካቴና ታስሮ ከፖሊሶች ጋር በሩ ጋ ቆሟል። ሸሚዙ ደም በደም ነው። ታላቅ እህታቸው ክንዱን ጨብጣለች።

«አንዱን ቀሙኝ፤ ይሄኛውን አልሰጥም!» አለች።

«ጠዋት ተጣልታችኋል አሉ» አለች መርማሪዋ።

«ሁሌም እንጣላለን። ‹ሂድ ተኛ፣ ዓይንህ ሊጠፋ ነው› ስለው ‹አንተ ብሎንህን እሰር› አለኝ።» እንባውን በትከሻው ጠረገ። «አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሞቶ አገኘሁት፤ ደሙ ሳቅፈው የነካኝ ነው።»

«እንቅልፍ የነሳው ምንድን ነው?»

«የሆስፒታሉ ምስሎች። የጭንቅላት ስካን ታምቆ ይላክልናል፤ ተፈትቶ እስኪታይ አርባ ደቂቃ! በሽተኛ እየጠበቀ ይሞታል። ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አንጎል፣ ብቻውን ነጥብ በነጥብ ነበር የሚሠራው። ወንድሜ ብዙ ነጥብ በአንድ ትእዛዝ እንዲሠራ፣ ከባዱን ስሌት ደግሞ ለግራፊክስ ካርዱ እንዲያቀብል አድርጎ ኮዱን እንደ አዲስ ጻፈው።»

የቢሮው ሥራ አስኪያጅ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ከሆስፒታሉ ሐኪም ጋር ስልክ ላይ ነበረች፤ ሐኪሙም አረጋገጠ። «ከሰዓት በኋላ የመምህሩ ኮድ ተነሥቶ አዲሱ ይተካ ብዬ ለሁሉም ነግሬ ነበር» አለች።

መምህሩ የድሮውን ኮድ የጻፈው፣ ለሟቹም ሙያውን ያስተማረው ሰው ነው። መርማሪዋን በግራ እጁ ጨበጣት፤ ቀኙ ከኪሱ አልወጣም።

«አምስት ሰዓት ላይ ታችኛው ክፍል ወርጄ፣ ምስሎቹን በሚፈታው ማሽን የጠዋቱን አስጀመርኩ። ሥራው የት እንደደረሰ የምታሳየው መስመር ስክሪኑ ላይ ስትሞላ እያየሁ ተቀመጥኩ። ቀንድ አውጣ ከኔ ኮድ ትፈጥናለች!» ብሎ ቀለደ። «ከሃያ ደቂቃ በኋላ የታናሽ ወንድሙን ጩኸት ስሰማ መስመሯ ገና ግማሽ ላይ ነበረች።»

መርማሪዋ ካርዱን በጓንት ገለበጠችው። ጀርባው ላይ «ታችኛው ክፍል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ሁሉንም ታች ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ካርድ ከየት ወጣ?»

«ከዚሁ ማሽን» አለ ታናሹ። «ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አዲስ ካርድ ተከልኩለት። ወንድሜ አዲሱን ኮድ ጫነበትና አሮጌውን ካርድ ይዞ ላይ ወደ ጠረጴዛው ወጣ።»

የመምህሩ ፊት አመድ መሰለ። መርማሪዋ የጠዋቱን ምስሎች እንደገና አስጀመረች።

«እህት፣ ቁጠሪልኝ።»

እህትየው ቆጠረች። ሃያ ላይ ስትደርስ መስመሯ ሞላች።

«መምህር፣ ግማሽ ላይ አየኋት ያሉት መስመር ያን ሰዓት አልነበረችም። ማሽኑ መዝግቦታል፤ አምስት ሰዓት ላይ ጀመረ፣ በሃያ ሰከንድ ጨረሰ። እርስዎ አስጀምረው ዞር ሳይሉ ወደ ላይ ወጡ። የድሮው ኮድ አርባ ደቂቃ ይሸፍነኛል ብለው አመኑት። የገደሉበት ካርድ ከዚህ ማሽን መነቀሉን፣ ማሽኑም መቀየሩን በጀርባው ይዞ ነበር፤ አላነበቡትም። አሁን ቀኝ እጅዎን ያውጡ።»

መዳፉ በካርዱ ብረት ጠርዝ ተተልትሏል።

«አሥር ዓመቴን!» ብሎ አጓራ። «እኔ ያስተማርኩት ልጅ በአንድ ሳምንት ቆሻሻ አደረገብኝ!» ስክሪኑን በቡጢ ሊሰብር ተወረወረ። ፖሊሶቹ ወለሉ ላይ ደፍተው አፉ እስኪደማ ተጫኑት፤ ካቴናውን ከታናሹ ፈትተው ለእሱ አሰሩት።

ማሽኑ ጮኸ። ሆስፒታሉ የአንድ ሰው የጭንቅላት ስካን ልኳል። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች እህትየው ታናሿን፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ክፈተው እንጂ። የሰው ወንድም ነው።»

በደም በተበከለ ጣቱ ተጫነው። እህትየው ከአንድ ጀምራ መቁጠር ያዘች።