ባሕሩ ያላረጠበው ጫማ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ኦዴት ኮሞ የዊኒፍሬድን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ይነሡልኝ! ሌስተር ባሕሩ ዳር ወድቋል። ሞቷል!»

ዊኒፍሬድ ማክአስኪል በሃሊፋክስ ሃያ ስድስት ዓመት የግድያ መርማሪ ሆና ሠርታለች። ሐኪሟ «ሬሳ የማታይበት ቦታ ሂጂና ተኚ» ስላላት ነበር ወደ ጸጥተኛዋ የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ወደ ፔቲ አንስ፣ የመጣችው። በኦዴት ማረፊያ ከእሷ ሌላ ሦስት እንግዶች ብቻ ነበሩ፤ ጡረተኛው መምህር ሌስተር ፕራት፣ ሚስቱ ቬርናና የድሮ ወዳጃቸው ክላይድ ሆርተን።

ሌስተር ጠጠሩ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ልብሱ ውሃ ጠግቧል፤ በእግሩ ላይ የቀረው ወፍራም የሱፍ ካልሲ ብቻ ነው። ከሬሳው ወደ ባሕሩ ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ጥቁሩ አለት ላይ፣ ቡናማ ጫማው በሥርዓት ተቀምጧል። ዊኒፍሬድ ጣቷን ወደ ጫማው ከተተች። ደረቅ ነው። አለቱ ግን ገና እርጥብ ነበር።

«ምስኪን! ሰሞኑን ሆድ ብሶት ነበር» አለ ክላይድ ከኋላዋ። «አንድ ሰዓት ላይ በመስኮቴ አይቼዋለሁ። አለቱ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ ነበር።»

«አንድ ሰዓት መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?»

«ሰዓቴን አይቼ ነው የምልዎት። ለእረፍት የመጡ መስሎኝ?»

«እኔም መስሎኝ ነበር።»

ቬርና ወጥ ቤት ውስጥ፣ ግማሹ የተላጠ ፖም ፊት ለፊት፣ ደርቃ ተቀምጣ ነበር።

«ሌስተር ራሱን አያጠፋም» አለች። «ትናንት ከስንት ዓመት በኋላ ሳይገላበጥ ተኛ። ‹ነገ ይቀለኛል› አለኝ። ጎሕ ሲቀድ ሊንሸራሸር ወጣ።»

«እርስዎስ?»

«ከአሥራ ሁለት ተኩል ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ከኦዴት ጋር ማርማላታ ልንሠራ ፖም ስንልጥ ነበር። ከሌስተር ሌላ ቁርስ ላይ ያልነበረው ክላይድ ብቻ ነው።»

አጠገቧ የቆመችው ኦዴት ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ ቀጠለች፦

«ትናንት እራት ላይ ሌስተር ‹ነገ ከቁርስ በኋላ ስለ ባልሽ የምነግርሽ አለ› አለኝ። ክላይድ ሾርባውን ሳይጨርስ ተነሣ። ባሌ ሬሚ የሞተው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ሌስተርንና ክላይድን ለሽርሽር በጀልባ ወስዷቸው ከአለት ተላተሙ። እነሱ ተረፉ። ‹ሬሚ ሰክሮ ነበር› ብለው መሰከሩ። ይኸው የሰካራም መበለት እንደተባልኩ አለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተቀበሏቸው?»

«የመጨረሻ ሰዓቱን ያዩት እነሱ ብቻ ናቸዋ።»

ዊኒፍሬድ ወደ መግቢያው በር ሄደች። ለእንግዳ የሚቀመጡትን የጎማ ቦቲዎች ቆጠረች። ለአራቱ እንግዶች የተመደቡት አራት ጥንድ ነበሩ፤ አሁን ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም በማረፊያው መመገቢያ ክፍል ተሰበሰቡ። ሰፈርተኛው ደጅ ላይ ተኮልኩሏል። የከተማው ፖሊስ፣ አሥር አለቃ ቲቦ፣ ማስታወሻውን ዘርግቶ ኦዴትን በጥርጣሬ ያያታል፤ ቂም ያላት እሷ ናትና።

«ባሕሩ ዛሬ የሞላው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ስትል ዊኒፍሬድ ጠየቀችው።

«አንድ ሰዓት ላይ።»

«ያን ጊዜ ጥቁሩ አለትስ?»

«ከውሃ በታች ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ብቅ አይልም።»

ክላይድ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሬሳው ያረፈው ከአለቱ ሃምሳ እርምጃ ከፍ ብሎ ነው» አለች ዊኒፍሬድ። «ባሕሩ እዚያ የሚደርሰው ሲሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌስተር የሰመጠው አለቱ ገና ውሃ ውስጥ ሳለ ነው። ጫማው አለቱ ላይ የተቀመጠው ግን ውሃው ከሸሸ በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው ያልረጠበው። ሟች ጫማውን ተሸክሞ አይሄድም። ጠዋት የወጣው በቤቱ ቦቲ ነበር፤ ቦቲውን ባሕሩ ወሰደው፤ ጫማው እዚህ በር ላይ ቀረ። ራሱን ያጠፋ እንዲመስል በኋላ አለቱ ላይ ያስቀመጠው ገዳዩ ነው። ኦዴት እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአለቱ አትሳሳትም። ደግሞም ሁለቱ ሴቶች ሬሳው እስኪገኝ ድረስ አልተለያዩም። አንድ ሰዓት ላይ አለቱ ላይ ተቀምጦ አየሁት ያሉት እርስዎ ነዎት፣ አቶ ሆርተን። ማንም ሊቀመጥበት በማይችል አለት ላይ።»

«ተሳስቼ ይሆናላ…»

«ክላይድ» አለች ቬርና ቀስ ብላ። «የልጄ የክርስትና አባት ነህ። እኔን እያየህ ተናገር።»

ክላይድ ቀና ብሎ አያት።

«ዝም በል ብዬ ለመንኩት» አለ ክላይድ በመጨረሻ። «ሃያ ሁለት ዓመት ቆይተን አሁን ምን ይፈይዳል አልኩት። አልሰማ አለኝ። ከወደቡ ግንብ ጫፍ ገፋሁት።» ወደ ኦዴት ዞረ። «መሪውን ከሬሚ እጅ የነጠቅኩት እኔ ነበርኩ። የሰከርኩት እኔ ነኝ። እሱ ጠብታ አልቀመሰም። ስንገለበጥም መጀመሪያ ያወጣው እኔን ነው።»

ኦዴት አላለቀሰችም። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ወደ አሥር አለቃው ተጠጋች።

«ጽፈኸዋል?»

«ጽፌዋለሁ፣ እማማ ኦዴት።»

«አንብብልኝ።»

አነበበላት። «የሰከርኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ እጇን አነሣች። ሄዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እሱን ድገመው» አለች። «ጮክ በል። ደጅ ያሉትም ይስሙ።»