አምስት ወር ነው ያለችው ሴት

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የመሣሪያ ሣጥን ያነገበ ሰው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ይቀመጡ እመቤቴ። ስንት ወርዎ ነው?»

በማተሚያ ቤት ፊደል የምታርመው ሴት አልፀነሰችም። ሆዷን ያሳበጠው ሄርኒያ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንጀቷን ኦፕራሲዮን ስትሆን የተሰፋው ጡንቻ ሳስቶ፣ አንጀቷ በቀዳዳው እየገፋ ይወጣል። ይህን በሰው መሀል ከመናገር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች።

«አምስት» አለች አንገቷን ደፍታ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበዳት። ሰውየው አሳንሰር ጠጋኝ ነው። በየማለዳው ቦታ ይይዝላታል፣ አሳንሰር ውስጥ ስለተቆለፉ ሰዎች እያወራ ያስቃታል። አንቱታው ቀረ። ስለ ባሏ አንድም ቀን አልጠየቃትም፤ እሷም ባል የለኝም አላለችም። እንደወደደችው ያወቀችው አንድ ማለዳ የቀረ ዕለት ነው።

በሦስተኛው ወር ከኪሱ ትንሽዬ የሕፃን ኮፍያ አወጣ። እህቱ እንደሠራችው ነገራት።

«ልጅ የለም...» አለችው ድምጿ እየተቆራረጠ። «በሽታ ነው። አፍሬ ነው የዋሸሁህ።»

ኮፍያውን ወደ ኪሱ መለሰ። ሳይደርስ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ አውቶቡስ አልታየም።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ሳትቸኩል አስረዳቻት። ቀዳዳው ትንሽ ቢሆን በክር ብቻ ይሰፋ ነበር፤ የእሷ ሰፊ ስለሆነ ክሩ ተመልሶ እንዳይለቅ የሚደግፈው መረብ መሰል ጨርቅ ይደረግበታል። ሆድን በትንንሹ በስቶ በካሜራ መሥራትም አለ፤ አንጀቷ ከድሮው ጠባሳ ጋር ስለተጣበቀ ግን ለእሷ ከፍቶ መሥራቱ ይሻላል። ሌላ ጠባሳ ሊጨመር መሆኑን ስትሰማ አለቀሰች። ቢሆንም ፈረመች።

ኦፕራሲዮን በሆነች በሦስተኛው ቀን አሳንሰር ጠጋኙን የሆስፒታል ክፍሏ በር ላይ ቆሞ አየችው። ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠይቆ ነው የመጣው። አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበች።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

«የሸሸሁት በውሸትሽ አይደለም» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ የሰው ሚስት ወደድኩ እያልኩ በራሴ ሳፍር ከረምኩ። እውነቱን ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። መታመምሽን እየሰማሁ ደስ ስላለኝ ደግሞ... ዓይንሽን ማየት አቃተኝ።»

ነርሷ ገባችና ሰዓቱ የቤተሰብ መጠየቂያ ብቻ መሆኑን ተናገረች፤ ምኗ እንደሆነም ጠየቀችው። ሰውየው ወደ ሴትዮዋ ዞሮ አያት።

«ገና አልጠየቀኝም» አለች ሴትዮዋ ፊቷ እየቀላ። «ከጠየቀኝ ግን እሺ ብያለሁ።»

ነርሷ መድኃኒቱን አስቀምጣ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

እሱም ጠየቃት።