ጌትዌዩን «አንተ» ያልኩት ቀን

ስለ ጂንና ስለ ዛር ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ብትፈልግ ወልድያ ላይ የሚያውቀኝን ሁሉ ጠይቅ፣ ከእነዚያ ወሬኞች እኩል የምንቃቸው ደግሞ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼን ነው፣ ጌትዌይ እናስተዳድራለን እያሉ ዌብ ገጹን ከፍተው በማውስ ጠቅ ጠቅ ከማድረግ በቀር ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ትእዛዝ መጻፍ የማይችሉትን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መርሳ ወዳለ አንድ ማሰልጠኛ ተጠራሁ፣ የግቢው ኢንተርኔት ሁሉ የሚያልፍበት ጌትዌይ ተንቀራፈፈ ተብዬ። ታናሽ እህቴ ሰሚራም እዚያው ላፕቶፗን ከፍታ ከተማሪዎቹ ጋር ትጠብቃለች፣ የፈተናው ምዝገባ የሚዘጋው የዚያኑ ቀን ነው፣ ካመለጣት ዓመቷ ተቃጠለ ማለት ነው።

ጸሐፊዋ እትዬ ዘሀራ ጌትዌዩ ያለበትን ቁም ሳጥን ከፈቱልኝና ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ቢስሚላህ በልና ንካቸው፣ ዛሬ ደክሟቸዋል» አሉኝ።

«ማንን ነው የምነካው?»

«እሳቸውን ነዋ!» በአገጫቸው ወደ ጌትዌዩ አሳዩኝ።

ሳቄን ዋጥኩ። ኬብሌን ሰክቼ ኮማንድ ላይኑን፣ ያንን ጥቁር ስክሪን፣ ስከፍት፣ ወላሂ አልዋሽህም፣ የመሣሪያው ስም በላቲን ፊደል «አንቱ» ተብሎ ተጽፏል፣ ከእኔ በፊት የነበረው ጠቅ ጠቅ አድራጊ ሥራ መሆኑ ነው! ፍጥነቱን አስተካከልኩና፣ ለመሳለቅ ያህል ስሙን «አንተ» ብዬ ቀየርኩት።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጉሮሮ የመጥረግ ዓይነት ድምጽ ተሰማ፣ ማራገቢያው ነው አልኩ፣ ከዚያ የጌትዌዩ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ፣ ኤሌክትሪክ ግን አለ፣ ጥቁሩ ስክሪንም ይመልስልኛል። እዚያ ላይ ስሙ «አንተ» ነው፣ ዌብ ገጹ ግን ደጋግሜ ባድሰውም «አንቱ» ይላል፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም።

«ምን ብለህ ጠራሃቸው?» አሉ እትዬ ዘሀራ ከበሩ ላይ። ስክሪኑ ከቆሙበት አይታይም ነበር።

«ኧረ ጋሼ፣ ሊዘጋ ነው!» ሰሚራ ከወዲያ ጮኸች።

በራሴ እየተናደድኩ ስሙን መለስኩት። መብራቶቹ በሩ፣ የተማሪው ሁሉ የምዝገባ ገጽ ተከፈተ፣ የሰሚራ ብቻ ቀረ። በሌላ ልጅ ላፕቶፕ ሞከርን፣ በስልኬ ዳታ ሳይቀር ሞከርን፣ እመነኝ፣ የእሷ ስም ሲገባ ገጹ ድርቅ ይላል። በትእዛዝም በዌብም ፈለግኩ፣ እሷን የሚከለክል ምንም ነገር የለም። ምዝገባው ተዘጋ። ላፕቶፗን እንድሠራላት ሰጥታኝ ወጣች።

የቴክኒክ ችግር ነው በለኝ፣ እኔም ለሰው እንደዚያ ነው የምለው። ላፕቶፑን ወልድያ አምጥቼ ባትሪውን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ ትናንት ግን የመርሳውን ጌትዌይ ዌብ ገጽ ከቢሮዬ ብከፍት፣ አሁን ከተገናኙት መሣሪያዎች መሃል የሰሚራ ላፕቶፕ አለ። ኮማንድ ላይኑን ስጠይቀው የለም ይላል።

ዛሬ ጠዋት ደውላ «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ለቀጣዩ ምዝገባ ይደርስልኛል?» አለችኝ። አዎ አልኳት፣ ስሟን የማስገባው ግን እኔ እንዳልሆን እየጸለይኩ ነው።