እናቱ ያልተጠራችው

የምትወዱትን ሰው በገዛ አባታችሁ ግጥም ተነጥቃችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ፣ ስለ ጎሳ ውዳሴ ውበት ከመስበካችሁ በፊት ይህን ስሙኝ።

የምሠራው ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ነው። የተቀዳ ድምፅ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ አሳንሰሩ በሁለት ፎቅ መሐል ቀጥ አለ፤ መብራቱም ጠፋ። ጨለማ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኛል። በሩን በጫማዬ መደብደብ ያዝኩ።

«ጫማሽን አትጨርሺው» አለ ከበሩ ማዶ የወንድ ድምፅ። «የአሳንሰሩ ጠጋኝ ነኝ፤ ገመዱ ደህና ነው። እስክከፍተው ድረስ ድምፅሽን ልስማ። በቃልሽ የምታውቂውን ማንኛውንም ነገር በይ።»

በዚያ ድንጋጤ አፌ ላይ የመጣልኝ አባቴ ያስጠናኝ የጎሳችን ውዳሴ ብቻ ነበር። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ታሪክ ያለው እዚያ ነው። እያንዳንዱ አያት ከነወለደው አባትና ካጠባችው እናት ይጠራል፣ በሥራው ይወደሳል፤ ከዚያ ወደ ልጁ ይታለፋል። ከአያት ወደ ልጅ እየወረድኩ እዚህ ደረስኩ፦

«ወንዝ ሰንጣቂው፣ በጎርፍ መሐል ጥጃ የተሸከመ፣
ዝሆን መንገድ የለቀቀለት፣ እርሱ ግን የቆመ።»

የመፍቻው ድምፅ ተቋረጠ። ትቶኝ የሄደ መሰለኝ። በሩ ሲከፈት፣ እጆቹ በግራሶ የጠቆሩ ረጅም ወጣት ትኩር ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ልረሳው አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ አሳንሰሩ ደህና ሆኖ ሳለም ሊያየው ይመጣ ጀመር። የሥራ ባልደረቦቼ «ሐኪሙ መጣልሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ዳቦ እንካፈላለን። ስለ እኔ የማይጠይቀኝ ነገር የለም፤ ስለ ቤተሰቡ ስጠይቀው ግን ወሬ ይቀይራል። ሚስት እንዳለው ጠረጠርኩና አንድ ቀን አፋጠጥኩት።

«ሚስት የለኝም» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «የሚያስፈራኝ አንቺ እህቴ እንዳትሆኚ ነው።»

የእርሱ ወገኖች የዚያው ጎሳ ሌላ ቤት ናቸው፤ ወንዝ ሰንጣቂው በእነርሱም ውዳሴ ውስጥ አለ፤ የአያቱ አባት ነው። በእኛ ውዳሴ ደግሞ የአባቴ አያት፣ ዝምተኛው የሚባለው፣ የዚሁ ሰው ልጅ ነው። አንድ አያት የሚጋሩ ሰዎች አይጋቡም። ቢጋቡ ልጆቻቸው ስንኝ አይኖራቸውም፤ በሕይወት እያሉ እንዳልተወለዱ ይቆጠራሉ። እርሱ ይህን ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሊነግረኝ በተነሳ ቁጥር ወሬውን ወደ ሌላ ያዞረው ነበር።

ሰደብኩት። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ትከሻችን እንዳይነካካ እየተጠነቀቅን ሆነ።

አባቴ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ የጎሳው ውዳሴ ጠባቂም እርሱ ነው። ማን የማን ዘር እንደሆነ፣ ማን ማንን ማግባት እንደማይችል የሚበይነው እርሱ ነው። በእርሱ ቃል የተለያዩ ጥንዶችን በመልክ አውቃለሁ። ጉዳዩን ሳነሳለት መነጽሩን እየወለወለ ነበር። ልጁ የእነማን እንደሆነ ስነግረው መነጽሩ ከእጁ ወደቀ።

«ደም ነው። አይሆንም» አለ ሊያነሳው እያጎነበሰ።

የባዕዱን ሰው ዘር ሲመረምር ሳምንት የሚፈጅ ሰው፣ የገዛ ልጁን ጉዳይ መነጽር እስኪያነሳ ድረስ ቋጨው። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። ፈርቶ ነበር። አባቴን ፈርቶ አይቼው ስለማላውቅ እኔም ፈራሁ።

ወዳጄ ወደ አክስቱ ወሰደኝ። የእነርሱን ቤት ውዳሴ የያዙት እሳቸው ናቸው፤ እግራቸው ያበጠ፣ ምላሳቸው ግን ገና ያልደከመ ሴት። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሳጥን ውስጥ ያገኘሃት ይህችን ነው? በእኛ ጊዜ ቢያንስ በእግራችን ነበር የምንወጣው» አሉት። ከዚያ ውዳሴያችንን እንድል አዘዙኝና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«የዝምተኛው እናት ማን ናት?» አሉ ስጨርስ።

ውዳሴውን በሆዴ ደገምኩት። በውዳሴያችን ሁሉም ሰው ያጠባችው እናት አለችው፤ ዝምተኛው ብቻ የለችውም። ዕድሜ ልኬን ብየዋለሁ፤ አንድም ቀን አልሰማሁትም።

አክስቱ በሩን አስዘጉ። «አሁን ከልጆቼ ቆጠርኩሽ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በእኛ ቤት የሌለውን ስንኝ አሉ፦

«ከተቃጠለ መንደር ሕፃን ታቅፎ የተመለሰው፣
ልጄ ነው ብሎ ስሙን ያለበሰው።»

ዝምተኛው የወንዝ ሰንጣቂው የሥጋ ልጅ አልነበረም። ከዘመቻ የመጣ ምርኮ ነበር። መንደሩን ማን እንዳቃጠለው ጠየቅኳቸው።

«እኛ ነና» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ማን ሊሆን ኖሯል?»

ወዳጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት እጄን ያዘኝ። ደም አልተጋራንም። እጁ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ የእኔን ቤት ያቃጠለው የእርሱ ቤት መሆኑን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ሰምተናል። አልለቀቅኩትም። እርሱም አልለቀቀኝም።

ደስታችን ከአክስቱ ቀጣይ ንግግር አላለፈም። ወንዝ ሰንጣቂው ሕፃኑን ያስገባ ቀን ደንግጎ ነበር፤ ይህን ልጅ በአደባባይ ምርኮ ብሎ የጠራ ከጎሳው ይባረራል። ነገሩን በአደባባይ ሊያወጣ የሚችለው ከሕፃኑ የተወለደ፣ የቤቱ ታላቅ ብቻ ነው። እሳቸው ቢናገሩ ይባረራሉ፤ ወዳጄም እንዲሁ፤ እኔም እንዲሁ። የቀረው አባቴ ነው።

ቤት ሄጄ ለብቻው ስጠይቀው አባቴ አልካደም። ይህን የተናገረ ዕለት የለያያቸው ጥንዶች ሁሉ ደጁ ላይ እንደሚቆሙ፣ የወንድሞቼ አማቾች ልጆቻችንን መልሱ እንደሚሉ፣ እርሱም እስከሚሞት «የምርኮው ዘር» እየተባለ እንደሚጠራ ዘረዘረልኝ። ሐሰት አልነበረም። የሚያስፈራውም ለዚህ ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ዝሆን ላይ ተቀምጬ ፈረድኩ» አለኝ። «አሁን ውረድ ትይኛለሽ?»

«አዎ አባዬ፣ ውረድ።»

ጉዳያችንን ለማየት ሁለቱ ቤቶች በሚቀመጡበት ጉባኤ «ደም ናቸው» ብሎ እንደሚበይን፣ ይህንንም ለእኔው ብሎ እንደሚያደርገው ነግሮኝ ፊቱን አዞረ።

ዝሆን የማይፈራ ግጥም አንድ ሕፃን ፈራ። ይህ ነው እንግዲህ ታሪክ የምንለው። ያቺ እናት መንደሯ ውስጥ አንድ ጊዜ ተቃጠለች፤ በእኛ አፍ ደግሞ ውዳሴው በተባለ ቁጥር ትቃጠላለች።

ጉባኤው በቀን፣ የፕላስቲክ ወንበር በተደረደረበት አዳራሽ ተቀመጠ። ሁለቱ ቤተሰቦች ፊት ለፊት ናቸው። ወዳጄ እጁን አጥቦ አጥቦ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ አልለቀቀለትም። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ከዚያ ሁለታችንም መሬት አየን።

አባቴ ተነሳ። ድምፁ እንደ ወትሮው ያምራል፤ መውደዴ ራሱ አናደደኝ። አያት ባያት እየወረደ ከነእናቶቻቸው ጠራቸው። ወንዝ ሰንጣቂው ጋ ሲደርስ አዛውንቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእርሱ ልጅ ዝምተኛው» አለና ትንፋሽ ወስዶ ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሆነ።

ቆምኩ። ታላቅ ወንድሜ ቀሚሴን ይዞ «ተቀመጪ፣ ልታስጨርሽን ነው» አለ በሹክሹክታ። ቀሚሴን ከእጁ አላቀቅኩ። ድንጋጌው መናገርን ነው የከለከለው፤ መጠየቅን የከለከለ የለም፤ የሚጠይቅ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረምና።

«አባዬ፣ አለፍከው፤ ተመለስ» አልኩት። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ሌላውን ሁሉ ከነእናቱ ጠርተኸዋል። የዝምተኛው እናት ማን ናት? ስሟን የማታውቀው ከሆነ አላውቀውም በል፤ ልጇ ከየት እንደመጣ ግን ታውቃለህ። ለእኔ ለብቻዬ፣ ቤት ዘግተህ አይደለም። እዚሁ ቆመህ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ መልስ።»