የማዶ ሰዎች አሻራ

ጣቱን ባላውቀው ኖሮ ያን ቀን ማንም ምንም ባላወቀ ነበር።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው የኮሚቴው ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ የስምምነት ቅጾቹን ለመጨረሻ ጊዜ በተራ ቁጥር እያስተካከልኩ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ከዋና ከተማ የመጣው ቡድን ፋይሉን ይረከባል። ዩኒቨርሲቲው እንዲሠራበት በመረጥነው ሜዳ ላይ መሬት ያለው ሰው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ መስማማቱን በፊርማ ወይም በአሻራ ማረጋገጥ አለበት። አንድ ሰው ከጎደለ ዕድሉ ለጎረቤት ከተማ ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋነው ለዚያች ከሰዓት ነበር።

ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ቅጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አሥራ ሰባት ስም፣ አሥራ ሰባት አሻራ። በአሥራ ሰባቱም አሻራ መሃል አንድ ቀጭን ነጭ መስመር በሰያፍ ወርዷል።

ያን መስመር አውቀዋለሁ። ቁስል እያለ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ከአራት ወር በፊት እነዚህኑ ቅጾች ላሳትም ማተሚያ ቤት ስገባ፣ አታሚው ቀና ብሎ አየኝና የወረቀት መቁረጫው አውራ ጣቱን ሸረከተው። ደሙ እየወረደ እሱ ግን «ወረቀትሽን እንዳይነካብሽ» ብሎ ቅጾቼን ወዲያ ገፋልኝ። ሻርፔን ቀድጄ አሰርኩለት። በኋላ «ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ሰው ስለት ይዞ እያለ እንዲህ አምሮ አይገባም» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ዐይን አፋር ስለሆነ፣ ቀልዱን ከተናገረ በኋላ ራሱ ነው የሚቀላው።

ከተማው «ቀለሜ» ይለዋል። ጎበዝ ተማሪ ስለነበረ እንዳይመስላችሁ፤ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። እጁ ከቀለም ስለማይጠራ ነው። አባቴ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው። «ትምህርት ያቋረጠ ሰው ለልጄ አይሆንም» ካለ ወዲህ እኔና ቀለሜ የምንገናኘው በቅጽ ሰበብ ብቻ ሆነ፤ የማዶውን አሻራ ሊያሰባስብ የሄደውም እሱ ነበር። የድሃ ልጅ አገር ለአገር ሳይንከራተት ይማር ብሎ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚከራከር ሰው፣ ቤቱ ሲመጣበት እንዲህ ይላል። ምን ይደረግ፣ አባት ነው።

ቅጹን ብብቴ ስር ሸጉጬ ወደ ማተሚያ ቤቱ በረርኩ።

ገና ፊቴን ሲያይ ማሽኑን አጠፋ።

«ምን አደረግህ?»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! አሥራ ሰባት ጊዜ የራስህን ጣት ነው የጫንከው።»

እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ጨርቁ ከእጁ የባሰ ቆሻሻ ነበር።

«ወንዙ ሞልቶ ነበር» አለ። «ሁሉም ከማዶ ቆመው ጠበቁኝ። ቅጹን እየጮህኩ አነበብኩላቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠሩ ‹ተስማምቻለሁ› አሉ። አንዷን አሮጊት ድምፅ ሲያጥራት ልጇ ጮኸላት። እኔ ወዲህ ሆኜ ለያንዳንዱ አተምኩ። ቃሉ የነሱ ነው፤ የኔ ጣቱ ብቻ ነው።»

«መሻገሪያ ገመድ አለ አይደል? ለምን አልተሻገርክም?»

ጨርቁን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋ።

«መዋኘት አልችልም» አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ። «ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ‹ውኃ እፈራለሁ› ብሎ ይመለስ? አፈርኩ።»

አመንኩት። ክፋቱም እሱ ነበር፤ ባላምነው ይቀለኝ ነበር።

«አባቴ ዛሬ ‹አሻራው ሁሉ የባለቤቱ ነው› ብሎ በስሙ ሊያረጋግጥ ነው» አልኩት። «በሕይወቱ ውሸት ላይ ፈርሞ አያውቅም።»

«ከተናገርን ዩኒቨርሲቲው ይቀራል። እኔንም ከተማው ዐይንህን አያሳየን ይለኛል።» ድምፁ ወረደ። «አንቺንም አጣሻለሁ።»

«እስከ ስምንት ሰዓት ራስህ ንገረው።»

«ካልነገርኩትስ?»

ቅጹን ብብቴ ስር መልሼ ወጣሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን የምናሳድርበት ጊዜ አልነበረንም። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። የቡድኑ መሪ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ናት፤ ፋይሉን ገጽ በገጽ ትገልጣለች። ቀለሜ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አየሁት። ጫማውን ያያል። ደግሜ አየሁት። አሁንም ጫማውን።

ሰዓቱ ስምንት አለፈ። ስምንት ከሩብ። የማዶው ገጽ ተገልጦ አለፈ፤ ሴትዮዋ ምንም አላለችም። ማንም አያውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ይሄ ሜዳ ላይ ሕንፃ ይቆማል፣ እሱም የኔ ይሆናል። እንዲህ ብዬ ማሰቤን አልደብቅም።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያረጋግጡልን» አለች መሪዋ።

አባቴ ከኮቱ ኪስ እስክሪብቶውን አወጣ።

«አባዬ፣ እንዳትፈርም።»

ድምፄን የሰማሁት ከሰው እኩል ነው። ቆሜያለሁ። የማዶዎቹ አሻራ የማዶዎቹ እንዳልሆነ ተናገርኩ። አባቴ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የማነው?»

ወደ በሩ እንዳላይ ዐይኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ። ከኋላ አግዳሚ ተንቀሳቀሰ።

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

አዳራሹ ታመሰ። ባለወፍጮው «ጉድ ሠራኸን!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ከወንበሩ ተነሳ። አባቴ ቀለሜን አላየም፤ እኔን አየኝ። ሁሉንም ነገር፣ ጣቱን እንዴት እንዳወቅሁት ጭምር፣ ያኔ የገባው ይመስለኛል። አንገቴን ደፋሁ።

መሪዋ ጠረጴዛውን መታች። «ይህን ፋይል እንዲህ እንዳለ አልቀበልም።» ሰዓቷን አየች። «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ነን። ሰዎቹ ዐይኔ እያየ ያትሙ። አለበለዚያ ነገ ጎረቤት ከተማ ነኝ።»

ከመሪዋ ጋር ወደ ወንዙ ወረድን፤ አሁንም አልጎደለም። ጭቃማው ውኃ ዛፍ ለዛፍ የታሰረውን መሻገሪያ ገመድ ሊነካ ምንም አልቀረው። ከማዶ፣ ጩኸታችንን የሰሙ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ዳር ወረዱ። ባለወፍጮው ሸሚዙን ማውለቅ ሲጀምር ቀለሜ ያዘው።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ልሂድ።»

አዲስ ቅጽና የአሻራውን ቀለም በፕላስቲክ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አሰረ። ወገቡ ላይ ሌላ ገመድ አሰሩለት፤ ጫፉን ባለወፍጮው ጨበጠ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ወደ እኔ ዞሮ አላየም።

አባቴ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «መዋኘት ይችላል?»

«አይችልም።»

«ታዲያ አብዷል?»

አባቴ ጥቂት ውኃውን አየ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ፣ ባለማመንታት ለመሪዋ አስያዛትና ሄዶ ከባለወፍጮው ጋር ገመዱን ያዘ።

ቀለሜ መሻገሪያውን ገመድ ይዞ መሃል ላይ ሲደርስ ጎርፉ እግሩን ጠለፈው። ጠፋ። ገመዱ ተወጠረ፤ አባቴ በጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ወደቀ፣ ግን አልለቀቀም። እኔ ስሙን ጠራሁ። ከተማው ያወጣለትን ሳይሆን እናቱ ያወጣችለትን፣ ሰው ፊት ጠርቼው የማላውቀውን። ጭንቅላቱ ብቅ አለ። ከዚያ እጁ። ከዚያ ማዶ ያሉ ሰዎች ጎትተው አወጡት።

አሥራ ሰባቱም ተራ በተራ አተሙ። እያንዳንዳቸው ካተሙ በኋላ የጠቆረ ጣታቸውን ከፍ አድርገው ለመሪዋ አሳዩ፤ እሷም በከንፈሯ ትቆጥር ነበር። ተመልሶ ሲሻገር ቅጹ ደረቅ ነበር፤ እሱ ብቻ ነው የራሰው። መሪዋ ቅጹን አየች፣ ፋይሉ ውስጥ ከተተችና «ይሄን እቀበላለሁ» አለች። አባቴም እዚያው፣ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጁ፣ ፈረመ።

የይሁንታው ደብዳቤ የመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ከተማው ሦስት ቀን ጨፈረ። የኔ ነገር ግን የለየለት በዚያው ዕለት፣ ወንዙ ዳር ነው።

ሰው ሲበተን ቀለሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አባቴ ራቅ ብሎ መዳፉን ያያል፤ ገመዱ ልጦታል። ቀለሜ ፊት ለፊት ቆምኩ። ከአዳራሹ ጀምሮ የያዝኩት ጥያቄ ነበር።

«እኔ ባልነሳ ኖሮ ትነሳ ነበር?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ያን ሁሉ ውኃ ከጠጣ በኋላ ማን ይጠራጠረዋል? ጓጉቼ ነበር አዎ እንዲለኝ። እሱ ግን ቀና ብሎ፣ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዐይኔን እያየ፦

«አላውቅም» አለኝ።

አልዋሸኝም። አባቴ እያየን መሆኑን አውቃለሁ፤ እያወቅሁ አጠገቡ ተቀመጥኩና እርጥብ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት።