የተነቀለው ስፒና

ኢንስፔክተር ብዙወርቅ ቃሊቲ፣ ጋሽ ቀናው ጋራዥ ስትደርስ ከአንዲት የቱሪስት መኪና ሥር የሚታዩት የመካኒኩ የተክሌ እግሮች ብቻ ነበሩ። ደሙ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ወደ በሩ በሚወስደው ቦይ ወርዷል። ዝንቦቹ ከፖሊስ ቀድመው ደርሰዋል። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ቀናው በስንጥር ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ተቀበሏት፤ ከምሳ መመለሳቸው ነበር።

«አየር አፍስሳ ነው» አሏት። «ከእግዜር የመጣ ነው፤ ምን ይደረጋል?»

መኪናዋ እንደ ሌሎቹ ክብደቷን የሚሸከም የብረት ባሌስትራ የላትም። በአራቱ ጎማዎች በኩል ያሉት ከረጢቶች አየር ሲሞሉ ትነሣለች፣ ከመሪው አጠገብ ያለውን መጫኛ ሲጫኑት ደግሞ አየሩ ይለቀቅና ትወርዳለች። ከኋላዋ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ድንኳኑ ከላዩ የሚታጠፍ ተሳቢ ተያይዟል፤ ቱሪስት ይዞ እስከ ኦሞ ይሄዳል። የሁለቱም ባለቤት አስጎብኚ ድርጅት ያላት አስቴር ናት።

ሟቹ ተክሌ ሳሪስ አቦ የሚኖር፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት መካኒክ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት መኪናዋን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ ከሥሯ ተኝቶ የተሳቢውን መጎተቻ ብሎኖች ይቀይር ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ቀናውና የመኪናዋ ሾፌር ለሜሳ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የዘኪያ ምግብ ቤት ሲሻገሩ፣ ይህችን ጨርሼ እመጣለሁ ብሏቸው ቀረ። ስምንት ሰዓት ላይ ሲመለሱ መኪናዋን ሆዷን መሬት አስነክታ አገኟት።

ብዙወርቅ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን አየች። አየር የሚያፈስ ከረጢት ቢኖር መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ታዘነብል ነበር፤ እሷ ግን በአራቱም በኩል እኩል ተኝታለች። የተሳቢው የመብራት ገመድ ስፒናም ከኋላዋ በሚገባ ተሰክቷል። ጋሽ ቀናው ሞተሩን እንዲያስነሡ አዘዘች። መኪናዋ ያለ ምንም ችግር ተነሣችና አስከሬኑ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትቆም የጣት ውፍረት ያህል እንኳ አልወረደችም።

አስከሬኑን ሲጭኑ ለሜሳ ጠጋ ብሎ የቱሪስቶቹ የሐሙስ ጉዞ ይቀር እንደሆነ ጠየቃት። ብዙወርቅ ጥላው መንገዱን ተሻገረች።

ዘኪያ ያየችውን አልደበቀችም። ለሜሳ የሞባይል ካርድ ልግዛ ብሎ፣ ጋሽ ቀናው ደግሞ ስለ መለዋወጫ ላነጋግር ብለው፣ እያንዳንዳቸው ለሩብ ሰዓት ያህል ከገበታው ተነሥተው ነበር። ሁለቱም ጊዜው ነበራቸው።

አስቴር የመጣችው ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ ተደውሎላት በቀጥታ ከቦሌ እንደሆነ ተናገረች። ከመኪናዋ ርቃ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጥፍጥፍ ባለ መሐረብ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። የቀብሩን ወጪ እንደምትችል ከተናገረች በኋላ፣ መኪናዋ መቼ እንደምትለቀቅላት ጠየቀች።

«ሰው ያወረዳት ይመስለኛል» አለቻት ብዙወርቅ።

«አይሆንም፣ እመቤቴ። ተሳቢው በስፒና እንደተያያዘ መኪናዋ በመጫኛ አትወርድም። አፍስሳ ነው እንጂ።»

ብዙወርቅ ይህን ጋሽ ቀናውን ጠየቀቻቸው፤ እውነት ነው አሉ። ቀጥላም እሳቸውንና ለሜሳን ለየብቻ ስለ ስፒናው ጠየቀች። የሁለቱም መልስ አንድ ሆነ። ተክሌ ጠዋት በፊታቸው ስፒናውን ነቅሎ ጠርጎታል፣ ውሃ እንዳይገባው ያን ዕለት ከተከፈተ ጣሳ ቢጫ ግራሶ ቀብቶታል፣ ከዚያም መጎተቻው ላይ ሰቅሎት ነበር።

ቀጥሎ የተክሌን የመሣሪያ ሣጥን ከፈተች። ከመፍቻዎቹ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘች፤ የሕፃን የፕላስቲክ ጫማ ነው። ደም ደርቆበታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሦስቱንም በጋሽ ቀናው ቢሮ ሰበሰበቻቸውና ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ለሜሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መኪናዋ አላፈሰሰችም» ስትል ጀመረች። «ስለዚህ ሰው ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቁልፉን አዙሮ፣ መጫኛውን ተጭኖ አውርዷታል። ያን ጊዜ ስፒናው ተነቅሎ ስለነበር ታዝዛለች። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ስፒናውን ሰካው፤ በመጫኛ ልትወርድ አትችልም ነበር እንድንል።»

ጋሽ ቀናው ስንጥራቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«ጋሽ ቀናው፣ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ለሜሳ ስፒናው መነቀሉን ማየቱን ያውቃሉ። ለሜሳም እርስዎ ማየትዎን ያውቃል። ከሁለታችሁ ማንም ቢሰካው ራሱን ማጋለጡ ነው። የሰካው ሰው ጠዋት እዚህ ያልነበረ፣ የመኪናዋን ጠባይ ግን የሚያውቅ ነው። ወይዘሮ አስቴር፣ መሐረብዎን ዘርግተው ያሳዩኝ።»

አስቴር መሐረቡን በጡጫዋ ጨበጠችው። ብዙወርቅ ራሷ ተቀብላ እጥፋቱን ፈታችው። ከውስጡ የጣት አሻራ የያዘ ቢጫ ግራሶ ወጣ።

«ፖሊስ ከደረሰ ወዲህ መኪናዋን አልነኩም። ይህ ግራሶ ዛሬ የነበረው ስፒናው ላይና ከመኪናዋ ሥር በወጣው በተክሌ እጅ ላይ ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ ለሜሳ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። እሑድ ከዝዋይ ሲመለሱ የምትነዳው አስቴር ነበረች። መቂ አካባቢ ስትቀድም ተሳቢው ተወዛውዞ በመንገድ ዳር የምትሄድ ሕፃን መታ። አስቴር ወደ ኋላ አይታ ነዳች፤ እሱም እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ዝም አለ። እቤቷ ግቢ ተሳቢውን አብረው አጠቡት። ጫማው ግን ከተሳቢው ሥር ተሰክቶ ቀርቶ ነበር።

«ተክሌ አግኝቶት ጠየቀኝ» አለ። «እሷን ጠይቃት አልኩት። ጠዋት ደወለላት።»

ብዙወርቅ ወደ ጋሽ ቀናው ዞረች። ሰኞ ዕለት የተሳቢውን የታጠፈ ቆርቆሮ አቃንተው ቀለም የቀቡት እሳቸው ነበሩ። ምን እንደመታው ጠይቀው እንደሆነ ስትላቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ደንበኛዬ ናት» አሉ።

አስቴር የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተክሌ ለፖሊስ ከመናገሩ በፊት ቢያንስ ቱሪስቶቹ እስኪሄዱ እንዲቆይ ለምናው እንደነበር፣ እሱ ግን እንቢ እንዳላት። ይህን ስትናገር የተበደለች ትመስል ነበር። ብዙወርቅ እጇን በካቴና አስራ አስወጣቻት።

መቂ ፖሊስ ደውላ የሰማችውን ወረቀት ላይ ጻፈች። የሞተችው ሕፃን ሉላ ትባል ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ቀጀላ ሦስት ቀን ሙሉ አስፋልቱ ዳር ቆሞ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ታርጋ ሲመዘግብ ሰንብቷል።

ለሜሳ የፖሊስ መኪና ላይ ሊወጣ ሲል ቆመና ዞረ።

«ኢንስፔክተር፣ ወዲያው ነው አይደል የሞተችው? ብንቆምም ያው ነበር።»

ብዙወርቅ ዝም ልትለው ትችል ነበር።

«የመታችኋት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አለችው። «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ትተነፍስ ነበር። ውሃ ስጡኝ ትል ነበር።»

ለሜሳ በእጁ ተደግፎ ወደ መኪናው ወጣ። እሷም በሩን ዘጋችበት።